ስለ አጠራጣሪና ስለማይታወቁ የኮምፒውተር ፋይሎች ለመረዳጃ ማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር



ይኸ በወሩ ስብሰባችን ላይ የተናገርነው ቃል ነው። በሥራና በሕመም ምክንያት ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ይለጠፍ ስለተባለ፣ እንደተናገርነው አድርገን ጽፈነዋል። ስለ ኮምፒውተር የምንናገረው አዋቂዎች ሆነን አይደለም። የኛ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ኮምፒውተሩንም የለመድነው ከልጆቻችን ነው። የምንናገረው ስላጠፋን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመዋጮ መዝገባችን ድሮ በትልቁ ደብተር ይያዝ የነበረው ወደ ኮምፒውተር ከተዛወረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ኮምፒውተሩ ያለው በጸሐፊው ቤት ነው። ልጆች የትምህርት ቤት ሥራ ይሠሩበታል፤ ፊልምም ያዩበታል። መዝገቡ ግን የሚቀመጠው በፍላሽ ላይ ነበር፤ ይኸውም ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው እየተቀባበሉ ስለሚጽፉበት ነው። ኮምፒውተር ካለ ካርቦን ምን ያደርጋል ብለንም የካርኒውን ቅሪት መያዝ ትተን ነበር። ይኸን ያሉን ሽማግሌዎች ነበሩ፤ «ቅሪቱን አትተዉ» ብለውን ነበር፤ አልሰማናቸውም።

በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር የመዋጮ ማሳሰቢያ ለማሳተም ፍላሹን ይዘን ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። አሳትመን ተመለስን። ማታ ፍላሹን ስንሰካው ፎልደሮቻችን ሁሉ አሉ፤ ስማቸውም ያው ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዳቸው ግርጌ ትንሽ ቀስት ተስላለች። አጠገባቸውም ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ ሊነበብ የማይችል ስም ያላቸው፣ እኛ ያላስቀመጥናቸው ፋይሎች ተጨምረዋል። ምን ይሆን ብለን ቀስት ካለባቸው አንዱን ሁለት ጊዜ ተጫንነው። ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ፎልደሩ ተከፈተ፤ መዝገቡም እንዳለ አለ። እንግዲያው ደኅና ነው ብለን ሌላውንም ሌላውንም ተጫንን።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩ «አንድ አደገኛ ነገር ይዣለሁ» የሚል መልእክት አወጣ። ከዚያ ወዲያ ቀስት ያለባቸው ፎልደሮች አልከፈትም አሉ። ምን አለፋችሁ፤ ደነገጥን። ቫይረስ ነው ብለን ሁሉንም አንድ በአንድ አጠፋናቸው። ፍላሹ ባዶ ሆነ። ባዶ ከሆነማ ንጹሕ ይሁን ብለን ደግሞ ፎርማት አደረግነው። ይኸ ሳያንስ ልጆች በዚያው ፍላሽ ላይ ፊልም ጫኑበት። በኮምፒውተሩ ላይ የቀረን ግልባጭ እስከ ታኅሣሥ ያለው ብቻ ነበር። የጥር፣ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ መዋጮ መዝገብ ሄደ።

በሰኔ ወር የአንዲት እናታችን ባለቤት አረፉ። ፈቃዳቸውን ጠይቀን ነው የምንናገረው። በደንባችን መሠረት ከሦስት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት አባል የሐዘን ገንዘብ አይከፈለውም። በመዝገቡ ላይ ደግሞ እናታችን የአራት ወር ውዝፍ ያለባቸው ሆነው ታዩ። እሳቸው «ከፍያለሁ» አሉ። ከኮሚቴው አንዳንዱ አመነ፤ አንዳንዱ «መዝገብ ነው የሚናገረው» አለ። ድንኳኑና ወንበሩ ሄደላቸው፤ ገንዘቡ ግን ዘጠኝ ቀን ቆየ። በሐዘን ላይ ያሉ ሴት በኮሚቴ ፊት ቆመው ስለ መዋጮ ተጠየቁ። በዘጠነኛው ቀን የመጋቢትና የሚያዝያ ካርኒ በሟች ኮት ኪስ ውስጥ ተገኘ። የቀረው የሁለት ወር ቢሆን እንኳ ከሦስት ወር ስለማይበልጥ ገንዘቡ ተከፈለ። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ በዚህ ስብሰባም በድጋሚ ጠይቀናቸዋል።

ከዚያ በኋላ ነው በሰፈራችን ኮምፒውተር የሚማር አንድ ወጣት ነገሩን ያስረዳን። የነገረን ቃል እስካሁን ያንገበግበናል። «ፋይላችሁ እኮ አልጠፋም ነበር፤ ተደብቆ ነው» አለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ይኸ የቫይረስ ዓይነት እውነተኛውን ፎልደር አያጠፋም። የመደበቂያ ምልክት ያደርግበትና ከዓይን ያሰውረዋል። በቦታው በዚያው ስም ሾርትከት፣ ማለት አቋራጭ መንገድ ያስቀምጣል። ያቺ ትንሽ ቀስት የአቋራጭ ምልክት ናት። ሰው አቋራጩን ሲጫን በመጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፤ ቀጥሎ እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል። ባለቤቱ ሥራው ስላልተቋረጠበት አይጠረጥርም። በዚህ መካከል ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይይዛል። ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ መሥሪያ ቤት እየዞረ የሚኖረው በዚህ መንገድ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱንም ባለቤት ለመውቀስ አይደለም፤ በቀን የስንቱ ሰው ፍላሽ ይሰካበታል። እኛም ሳናውቅ የገንዘብ ያዡን ኮምፒውተር አስይዘናል።

አንቲቫይረሱ ያዝኩ ያለው ቫይረሱን ነበር። ቫይረሱ ሲወገድ አቋራጮቹ የሚጠሩት ነገር ስላጡ አልከፈትም አሉ። እኛ ያጠፋነው እነዚህን አቋራጮች ነው፤ እስከዚህ ድረስ እንኳ ጉዳት አልነበረም። መዝገቡ እዚያው ፍላሽ ውስጥ ተደብቆ ተቀምጦ ነበር። ያጠፋው የኛ ፎርማት ነው። ፎርማት ከተደረገም በኋላ ምንም ሳይጻፍበት ቢቀመጥ ኖሮ አዋቂ መልሶ የሚያገኝበት ዕድል ነበረው፤ ፊልሙ ያንንም ደመደመው። ስለዚህ ቫይረሱ አስደነገጠን እንጂ አልዘረፈንም። የዘረፈን ችኮላችን ነው።

ይኸን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። ፍላሹ ባዶ መስሎ ሲታይ በስሙ ላይ የማውሱን የቀኝ ጣት ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን መክፈት ነው። እዚያ ላይ የተያዘው ቦታና ባዶው ቦታ በቁጥር ይታያል። በዓይን ምንም ሳይኖር ብዙ ቦታ ተይዟል ካለ ዕቃው ተደብቋል እንጂ አልሄደም ማለት ነው። ወጣቱ በሌላ ሰው ፍላሽ ላይ ሲያሳየን «አትሪብ» በሚባል ትእዛዝ አንድ መስመር ጻፈ፤ የተደበቁት ፎልደሮች በደቂቃ ውስጥ ተግተልትለው ወጡ። እኛ ዝም ብለን ተያየን።

እንግዲህ የማናውቀው ፋይል ስናይ ሁለት ዓይነት ጥፋት አለ። አንደኛው ምን ይሆን ብሎ መክፈት ነው፤ ሁለተኛው ፈርቶ ማጥፋት ነው። እኛ ሁለቱንም በሁለት ቀን ውስጥ ፈጽመናል። ስለ ሁለተኛው ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ምክንያቱም ስለ መክፈት ሁሉም ይመክራል፤ ስለ ማጥፋት የሚናገር ግን አላገኘንም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ በኮምፒውተራችን ላይ እንግዳ ስም ባየን ቁጥር ልባችን ይመታል። ነገር ግን ኮምፒውተር ለራሱ ሥራ የሚያስቀምጣቸው ብዙ ፋይሎች አሉ። በፎቶግራፍ ፎልደር ውስጥ «ተምብስ ዶት ዲቢ» የምትባል ብትገኝ ኮምፒውተሩ የፎቶዎቹን ትንንሽ ምስል የሚያስቀምጥባት ናት። «ዴስክቶፕ ዶት አይኤንአይ» የፎልደሩን መልክ የምትይዝ ናት። በዎርድ የተጻፈ ደብዳቤ ተከፍቶ ሳለ ስሟ በሞገድ ምልክትና በዶላር ምልክት የሚጀምር ጥላ ፋይል ትፈጠራለች፤ ደብዳቤው ሲዘጋ ትጠፋለች፤ መብራት ከሄደ ግን ትቀራለች። በሰፈራችን መብራት እንደሚሄደው ከሆነ ስንቷ ቀርታ ይሆን። በፍላሽ ላይ ደግሞ «ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን» የሚባል ፎልደር ዊንዶውስ ራሱ ይፈጥራል። «ፔጅፋይል» እና «ሃይበርፊል» የሚባሉትም ብዙ ጊጋ ባይት ስለሚይዙ ያስደነግጣሉ፤ እነሱም የዊንዶውስ ናቸው። ነገር ግን ስም ብቻውን ምስክር አይሆንም። ቫይረስ ሠሪዎችም የዊንዶውስ ፋይል ስም ይዋሳሉ፤ ስለዚህ ፋይሉ የተገኘበትን ቦታ ጭምር ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። በፈረንጆች 2002፣ በኛ 1994 ዓ.ም. ገደማ፣ በኢሜይል አንድ ማስጠንቀቂያ በብዙ ቋንቋ ተሰራጨ። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የድብ አሻንጉሊት ሥዕል ያለባት ፋይል አለች፤ አንቲቫይረስ የማያገኛት ቫይረስ ናት፤ አሥራ አራት ቀን ተኝታ ትነሳለች፤ ቶሎ አጥፏትና ለምታውቁት ሰው ሁሉ ይኸን መልእክት ላኩ የሚል ነበር። ሰው ሲፈልግ በእርግጥም ድቧን አገኛት፤ አጠፋትም፤ ለወዳጁም ላከ። ነገር ግን ያቺ ፋይል ከዊንዶውስ ጋር አብራ የመጣች፣ ለፕሮግራም ሠሪዎች የምታገለግል ንጹሕ ፋይል ነበረች። ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተሰራጨው ወሬው ነው። ለአብዛኛው ሰው እምብዛም የማታስፈልግ ስለነበረች ጉዳቱ ቀላል ሆነ። ዛሬም በቴሌግራም «ይኸን ፋይል ካያችሁ አጥፉ፤ ለሃያ ሰው ላኩ» የሚል መልእክት ሲመጣልን ድቧን እናስታውስ።

ስለ መክፈት ደግሞ ይኸን እንበል። በፈረንጆች 2000 በሜይ ወር፣ በኛ በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከፊሊፒንስ የተነሳ «እወድሃለሁ» የሚል አርእስት ያለው ኢሜይል ዓለምን አዳረሰ። ከሱ ጋር የተያያዘው ፋይል የፍቅር ደብዳቤ የሚል ስም ነበረው፤ ስሙም የሚያበቃው እንደ ተራ ጽሑፍ በ«ቲኤክስቲ» ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ጅራት ነበረው፤ «ቪቢኤስ» የሚል፤ ይኸውም የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ጅራት ስለሚደብቅ ሰው አላየውም። የከፈተው ሰው ፎቶግራፎቹ ተበላሹበት፤ ደብዳቤውም በስሙ ለሚያውቃቸው ሁሉ ተላከ። ዛሬም ቢሆን ዊንዶውስ ካልተነካ በቀር ይኸን ጅራት ይደብቃል። በፎልደሩ መስኮት ላይ «ቪው» ከሚለው ገብቶ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ የፎልደር ሥዕል ለብሶ ጅራቱ «ኢኤክስኢ» የሆነ ነገር ብናይ ፎልደር አለመሆኑን እናውቃለን። ፎልደር ጅራት የለውም።

ሌላው ልጆቻችን የሚያመጡት «ክራክ» የሚባለው ነው። ዊንዶውስንና ኦፊስን ያለ ክፍያ የሚከፍት ተብሎ ከሰው ሰው ይዞራል። ብዙውን ጊዜ ከመጫኑ በፊት «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ሌባ «ውሻችሁን እሰሩልኝ» ብሎ ሲጠይቅ በሩን የሚከፍት የለም። የዋጋውን ነገር እናውቃለን፤ ማናችንም ብንሆን ገዝተን አንዘልቀውም። ሊብሬ ኦፊስ የሚባል በነፃና በሕግ የሚገኝ አለ፤ የማኅበራችንን መዝገብ አሁን የምንሠራው በሱ ነው። መጀመሪያ አስቸግሮን ነበር፤ ለመድነው።

ታዲያ የማናውቀው ፋይል ሲገጥመን ምን እናድርግ? ከመንካት በፊት እጅን መሰብሰብ ነው። ፍላሽ ከሆነ መንቀል፤ ኢንተርኔት ካለ መዝጋት፤ በዚያ ኮምፒውተር የባንክም ሆነ የኢሜይል የይለፍ ቃል አለመጻፍ። ከዚያ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ የፋይሉን ስም እስከ ጅራቱ፣ የተገኘበትን ቦታ፣ የተፈጠረበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ። ይኸ ቀን ትልቅ ነገር ይናገራል። ፋይሉ የተፈጠረው ፎቶ ኮፒ ቤት በሄድንበት ቀንና ሰዓት ከሆነ ነገሩ ከየት እንደመጣ ታወቀ ማለት ነው። ቀጥሎ የቤቱን ሰው መጠየቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የልጅ የቤት ሥራ ሆኖ ይገኛል። እባካችሁ ስትጠይቁ በቁጣ አይሁን። ልጅ ዱላ ከፈራ እውነቱን አይናገርም፤ ፋይሉን አጥፍቶ «አላየሁም» ይላል፤ ያን ጊዜ ሁለት ችግር ይሆናል።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ ከራሳቸው ጋር ይዘው ይመጣሉ፤ ሌላ መግዛት የግድ አይደለም። መጀመሪያ እድሳቱን ካገኘ በኋላ ሙሉ ፍተሻ ማዘዝ ነው። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ማታ ትቶ መተኛት ይቻላል። የሚያገኘውን አጠራጣሪ ነገር «ኳራንቲን» ያደርገዋል፤ ይኸውም እንደ ተላላፊ በሽተኛ ለብቻው ያገለዋል እንጂ ወዲያው አያጠፋውም። ተሳስቶ ከሆነ መልሶ ማውጣት ይቻላል። ለዚህ ነው በእጅ ከማጥፋት ይኸኛው የሚሻለው። ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ግን፣ ሠሪው ድርጅት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የጥገና እድሳቱን ማቅረብ እንዳቆመ እወቁ።

በአንድ ፋይል ላይ ጥርጣሬ ከቀረ ቫይረስ ቶታል በሚባለው አገልግሎት ማስመርመር ይቻላል፤ አንዱን ፋይል በብዙ አንቲቫይረሶች ያስፈትሻል። ነገር ግን እዚያ የተላከ ፋይል ለሌሎች የደኅንነት ድርጅቶችም ስለሚደርስ፣ የአባሎች ስምና ስልክ ያለበትን መዝገብ፣ የቤት ካርታም ሆነ የሐኪም ወረቀት አትላኩበት።

ፋይሎቻችሁ ሁሉ ጅራታቸው ተለውጦ፣ አልከፈት ብለው፣ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ቢገኝ ይኸ ሌላ ነገር ነው። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚባለው ተነስቶ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ሦስት መቶ ዶላር የጠየቀው በዚህ መንገድ ነው፤ የእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሥራ እስኪተጓጎል ድረስ። መዝጊያው እድሳት ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው ከገጠመ መክፈል ፋይሉን ለማግኘት ዋስትና አይሆንም፤ ፎርማትም አታድርጉ፤ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ነጥላችሁ አዋቂ ጥሩ።

ከእንግዲህ የማኅበሩ አሠራር እንደሚከተለው ተለውጧል። መዝገቡ በኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ ሁለተኛው ግልባጭ በየወሩ መጨረሻ ይገለበጥና ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሰብሳቢው ቤት ቁም ሣጥን ይቆለፋል፤ ሦስተኛው በወረቀት ታትሞ በሦስት ሰው ይፈረምበታል። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄድ ፍላሽ የሚታተመውን አንድ ወረቀት ብቻ ይይዛል፤ ሲመለስ ከመከፈቱ በፊት ይፈተሻል። የካርኒ ቅሪትም ተመልሷል፤ ካርቦን ተገዝቷል። ሽማግሌዎቹ ስቀውብናል፤ ይገባናል።

ያ ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሊቀመጥ ፈቅዶልናል። አጠራጣሪ ፋይል ያየ ሰው ኮምፒውተሩን መሸከም የለበትም፤ በወረቀት የጻፈውን ይዞ ቢመጣ ይበቃል። ዕድሜያቸው የገፋ አባሎች ካሉ ቤታቸው ድረስ ይሄዳል። ለሻይ የሚሆን ነገር ማኅበሩ ይችላል።

በመጨረሻም፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የከፈላችሁበት ካርኒ በእጃችሁ ያለ አባሎች ሁሉ እንድታመጡልን እንለምናለን። እስካሁን የአብዛኛው ሰው ተስተካክሏል፤ የአሥራ ሰባት ቤት ግን ገና ነው። የተረፈ ካርኒ በኮት ኪስ፣ በመጽሐፍ መካከል፣ በሣጥን ሥር ሊገኝ ስለሚችል ፈልጉልን። የናታችንም የጥርና የየካቲት ካርኒ አልተገኘም፤ ኮሚቴው ግን እንደተከፈለ ቆጥሮ በቀይ እስክርቢቶ ጽፎ ፈርሞበታል።

የማኅበሩ ጸሐፊ